ዙሄር «አላህ ይማረው» ያለው ሰው

«ድምፅህ የሴት አይደለም። እስኪ የድሮ ስምህን ንገረን።»

ዙሄር ይህን የጻፈው ሁሉም በሚያነበው የውይይት ገጽ ላይ ነው...

የጻፈው ደግሞ ለዊሳል ነው።

ሁለቱም የቱኒዚያዋ የስፋክስ ከተማ ልጆች ናቸው። በጎ ፈቃደኞች በሚጽፉት አንድ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ አብረው ይሠራሉ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል። ተያይተው ግን አያውቁም።

ያን ሳምንት ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ተሰበሰበ... ዊሳልም ተናገረች። ድምፅዋ ወፈር ያለ ነው።

ዙሄር ነገር አገኘ።

አንዳንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ከሳሹም ዳኛውም ራሱ ይሆናል። «ይሄ ሰው እያታለለን ነው፤ ከአራሚነት ይነሳ» ብሎ ጉዳዩን ለቡድኑ ውሳኔ አቀረበ።

አንዱ ሳቀ... አንዱ ቀለደ... ብዙው ዝም አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የከፋው ዝም ያለው ነው።

ዊሳል የመለሰችው አጭር ነበር።

«ባረምኩት ላይ ስህተት ካለ አሳዩኝ። ስለ እኔ ማንነት ግን እዚህ አልከራከርም።»

ፈርታ ነበር። ወሬው መሥሪያ ቤቷ ቢደርስ እንጀራዋ ይቋረጣል። ቤተሰቦቿ ፊታቸውን ካዞሩባት ቆይቷል። እንደ ሰው የምትቆጠርበት የቀራት ቦታ ይኸው ገጽ ነበር...

አሁን ስለ ዙሄር አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የግል ገጹ አናት ላይ ለዓመታት ያልነካው ጽሑፍ አለ። «ለመምህሬ ለሃሺም። አላህ ይማረው።»

ዙሄር ጀማሪ ሳለ የመጀመሪያ ጽሑፉን የጻፈው ስለ አባቱ ዓሣ አጠማመድ ነበር። የዘንባባ ዝንጣፊ ባሕሩ ውስጥ ተክለው እንዴት እንደሚያጥሩ። «ምንጭ የለውም፣ ይሰረዝ» አሉት። አፍሮ ሊተወው ሲል ሃሺም የሚባል አራሚ ደረሰለት።

«ወንድሜ፣ አይዞህ። ምንጩን አብረን እንፈልጋለን።»

ፈለጉ፣ አገኙ፣ ጽሑፉም ተረፈ። ከዚያ ሃሺም ድንገት ጠፋ... ዙሄር ሞቷል ብሎ አለቀሰለት።

ቡድኑ በክሱ ላይ ሊወስን ሲል ለዙሄር ከዊሳል የግል መልእክት መጣ።

«ወንድሜ ዙሄር፣ አልሞትኩም። የምትጠይቀኝ የድሮ ስም ያንተው ገጽ አናት ላይ ያለው ነው። እሱ ሌሎች የሰጡኝ ስም ነበር፤ እኔ ዊሳል ነኝ። ለሁሉም ልትናገር ትችላለህ፤ በእጅህ ነው። ደግሞ ስለ አባትህ ዓሣ አጠማመድ በጻፍከው ላይ ሁለተኛው የምንጭ ሊንክ አይሠራም፣ እንዳይሰርዙት ቶሎ አስተካክለው።»

ዙሄር ደጋግሞ አነበበው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ...

ክሱን አነሳ። ሁሉም በሚያነበው በዚያው ገጽ ላይም ጻፈ።

«እህቴ ዊሳል፣ ይቅርታ። ማንነትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የእኔ ድርሻ ሥራሽን ማየት ብቻ ነበር።»

ምክንያቱን አልተናገረም። የድሮ ስሟንም ለማንም አላወጣም።

በግል ግን ጠየቃት፦ «አላህ ይማረው ያልኩትን ላጥፋው?»

«ተወው፣ ድንገት ብታጠፋው ሰው ይጠረጥራል። ይልቅ ሊንኩን አየኸው?»

«አላገኘሁትም።»

«እሺ... አብረን እንፈልጋለን።»

የጻፈባትን ነገር ዙሄር ሰርዞታል። በገጹ የቀድሞ ቅጂዎች ውስጥ ግን ዛሬም ይነበባል።

ትምህርቱ፦ ሰው ሲረዳን «መጀመሪያ ማንነትህን አስረዳ» አንለውም። እኛም ለሰው ክብር ስንሰጥ እንደዚያው እንሁን።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው... ዙሄር የተጸጸተው ውለታዋን ስላወቀ ነው።

ዊሳል ምንም ያልዋለችለት እንግዳ ብትሆን ኖሮስ... ይቅርታ አይገባትም ነበር? እናንተስ በዚያ ገጽ ላይ ብትሆኑ ከሳቁት ወይስ ከዝምተኞቹ ትሆኑ ነበር፣ ወይስ «ተው» ትሉት ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስለ ሐሳቡ እንጂ ስለ ጸሐፊው አይሁን።