ዓመት ከአምስት ወር

«እሺ፣ ይሁን። የሚበልጠው ሌብሮን ነው» አለ ሾፌሩ፣ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሳ።

መምህሩ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ እንደተንጋለለ አንገቱን ብቻ አዞረ። ይቺን ቃል አራት ዓመት ሲጠብቃት ኖሯል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ደማቸው በቀጭን ቱቦ ወጥቶ በኩላሊት ማሽኑ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ፣ ከቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው እያሉ ይሟገታሉ። ሾፌሩ ለጆርዳን ሞቶ ይገኛል፤ መምህሩ ለሌብሮን። አንድ ቀን ሾፌሩ የጆርዳንን አዘላለል ላሳይህ ብሎ መርፌ የተሰካበትን ክንዱን ወደ ላይ ቢያነሳ ማሽኑ ጮኸ። ሲስተሯ እየሮጠች መጥታ «ስልሳ ዓመት ያለፋችሁ ሰዎች!» ብላ ሁለቱንም እንደ ተማሪ ተቆጣቻቸው።

«ምን አልክ?» አለ መምህሩ።

«አሸነፍከኝ አልኩህ። ሃያ ምናምን ዓመት መጫወት ቀላል አይደለም። ነጥብም በብዙ ይበልጠዋል። በቃ።»

«ጆርዳን ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ ስድስቱንም መውሰዱስ? እሱን የት ጣልከው?»

«ተወኝ እባክህ። ደከመኝ።»

ጠዋት፣ ሾፌሩ ሚዛን ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሴት ልጁ መምህሩን ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወስዳው ነበር። «ጋሼ፣ አባባ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው እያለ ነው። ሐሙስ እንዳትቀሰቅሺኝ አለኝ። ዶክተሩ እጥበቱን ካቋረጠ ሁለት ሳምንት መቆየቱንም እንጃ ብሏል። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ እንቢ አለ። እርስዎን ይሰማል።»

መምህሩ እሺ ብሏት ገባ። ይኸው ሦስት ሰዓት ተኩል አለፈ፤ ካዘጋጀው ንግግር አንዱም ከአፉ አልወጣም። ሠላሳ ዓመት ስፖርት ያስተማረ ሰው ነው። ትንፋሹ ላለቀበት ልጅ «በርታ» ማለት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ያውቃል። ደግሞስ ማን ነው በርታ ባዩ? እሱ ራሱ ዛሬ ካልሲውን አጥልቆ እስኪጨርስ ሁለት ጊዜ አርፏል።

የሾፌሩ ማሽን ቀድሞ ጨረሰ። ሲስተሯ መርፌዎቹን ነቀለችለትና የደም ማቆሚያ ጎዝ አስያዘችው። በአውራ ጣቱ ተጭኖት ተቀመጠ። ልጁ ገብታ ተንበርክካ ጫማውን ታደርግለት ጀመር።

«ሐሙስ እንግዲህ ሌላ ክርክር እንፈልጋለን» አለ መምህሩ። ድምፁ ለራሱም የውሸት መሰለው።

«ነግራሃለች አይደል?»

ልጅቷ ከጫማው ማሰሪያ ላይ ቀና አላለችም።

«ነግራኛለች።»

«እንግዲያው አትልፋ። ሠላሳ አምስት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሰው ‹ወራጅ አለ› ሲል አቁሜ አወርዳለሁ እንጂ፣ ለምን ትወርዳለህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

ሾፌሩ በልጁ ትከሻ ተደግፎ ተነሳ፤ የመምህሩን ጉልበት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና «ደህና ሁን» ብሎ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። ከዚህ በር ሁልጊዜ የሚወጣው እየተሳደበ ነበር።

«ለነገሩ እሱም ትቶት ሄዷል» አለ መምህሩ ለጀርባው።

«ማን?» ሾፌሩ እርምጃውን አላቋረጠም።

«ያንተው ጆርዳን። በቃኝ ብሎ አልነበር? ሦስት ዓመት ቤቱ ተቀመጠና ተመልሶ መጥቶ ሦስት ዋንጫ ወሰደ።»

ስህተት መሆኑን መምህሩ ያውቃል። መቶ ጊዜ የነገረው ሾፌሩ ራሱ ነው።

ሾፌሩ ቆመ።

«ስንት ዓመት?»

«ሦስት።»

«ዓመት ከአምስት ወር ነው።»

«ሦስት ነው።»

«አንተ ሰውዬ!» የልጁን ትከሻ ለቀቀና ዞረ። «ሦስት ዓመት ገደማ የጠፋው በሁለተኛው ጊዜ ነው! ያኔ ደግሞ ዋንጫ የሚባል የለም! በመጀመሪያው ዓመት ከአምስት ወር! እሱንም ቤቱ አልተቀመጠም፣ ቤዝቦል ሲጫወት ነበር! መቶ ጊዜ ነግሬህ የለም እንዴ?»

«ሦስት ነው ስልህ። መምህር ነኝ፣ አልሳሳትም።»

«ኧረ መምህር! ያንን ሁሉ ልጅ ምን እያልክ እንዳሳለፍከው እግዜር ይወቅ!»

«አባቶቼ፣ ድምፅ!» አለች ሲስተሯ ከወዲያ ጥግ።

ሾፌሩ ሦስት እርምጃ ተመልሶ መጣ። ትንፋሽ አጥሮታል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «መጽሔቱ ቤት አለኝ። የሄደበትም የተመለሰበትም ቀን ተጽፎበታል። አምጥቼ አፍንጫህ ሥር ነው የምዘረጋልህ።»

«መቼ?»

ሾፌሩ መምህሩን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ማሽኑን፣ ከዚያ እዚያው ማሽኑ ጎን አንሶላው የተጨማደደውን የራሱን ባዶ ወንበር።

«ሐሙስ ነዋ!» አለ ተበሳጭቶ። «ከዚያ በፊት መቼ ትመጣለህና?»

ፊቱን አዙሮ፣ ልጁንም ሳይጠብቅ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ።

ልጅቷ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ መምህሩን አየችው። እሱ ግን ቀና የሚልበት አቅም አልነበረውም። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በክርክር የተረታ ሰው መስሎ ተኝቷል።