ቀዩ ካፖርት

ባሏ ፊልሙን ለንደን ላይ የሠራው በተዋሰው ካሜራና በጓደኞቹ ጉልበት ነው። ዋናዋ ተዋናይት ቀረጻው ሳያልቅ ጥላው ስትሄድ፣ ሚስቱ አለቀለት ብላ አዝናለት ነበር። እሱ ግን እንደምንም ጨረሰው፤ ይኸው ዛሬ የፌስቲቫሉ አዳራሽ ጢም ብሏል።

ፊልሙ ቀይ ካፖርት የለበሰች አንዲት ሴት በማታውቀው ሰው ስትታደን ያሳያል። እሷ የባሏን እጅ ጨምድዳ ይዛ ታያለች። ባለፈው የብርድ ወራት እሷንም ከሥራ ስትመለስ አንድ ሰው ይከተላት ስለነበር፣ ፍርሃቱን ታውቀዋለች።

ወደ መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ አውቶቡስ ማቆሚያ ቆማ ከጀርባዋ ታየች። ያንኑ ቀይ ካፖርቷን ለብሳለች። ባሏ "ብርዱ እንዳይጎዳሽ" ብሎ ለእሷም ልክ እንደዚያው ያለ ገዝቶላት ነበር።

ሴትዮዋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዞር አለች።

እሷው ራሷ ናት።

"ዛሬም እየተከተለኝ ነው፤ ቶሎ ድረስልኝ" ትላለች፣ በአማርኛ፣ እያለቀሰች። ከሥር የእንግሊዝኛው ትርጉም ወጣ።

"አይዞሽ የኔ ዓለም፣ እየመጣሁ ነው" አለ የባሏ ድምፅ በሹክሹክታ፣ እዚያው ከካሜራው ጀርባ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ባሏ እጁን ከእጇ ቀስ ብሎ አላቀቀና፣ ታዳሚውን እጅ ሊነሣ ብድግ አለ።