የእጅጌው ክር

ሹራብ ሠሪው ስጦታው ከክሩ አንድ ዘለላ መዘዘና ከቢቸና ይዞት በመጣው ሹራብ ላይ አጋደመው። ሹራቡ እጅጌ የለውም። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነው፣ ጥቁር ሰማያዊ፤ የመቶ ሃያው ሹራብ አካል ተሠርቶ አልቆ እጅጌው ብቻ ቀርቷል። የእጅጌውን ክር አካሉን አስመስሎ መንከር የአባቴ የይማም ሥራ ነው።

አባቴ ደጃፉ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ከሚያርፍበት ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ቀለም የሚታየው እዚያ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው፤ አምፖል ውሸታም ነው ይላል። ፈተናውም ቀላል ነው። ክሩ ሹራቡ ላይ ሲጋደም ከዓይን ከጠፋ ገጥሟል፤ ከታየ አልገጠመም።

ክሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አረንጓዴ ነው። እኔ ሦስት ቀን ለቅሶ ቆይቼ ገና መግባቴ ነበር፤ ገመዱ ላይ የተሰጣውም ሁሉ አረንጓዴ ነው።

«እ?» አለ አባቴ። «ጠፋ አይደል?»

ስጦታው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያለን ነጭ ክር ሁሉ ተነክሮ አልቋል። ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቶ መኪና ከቆመ ሳምንት አልፎታል፣ ሌላ ክር ከየትም አይመጣም። ሌላ ቀለም ቢደረብበት ይጠቁራል እንጂ ወደ ሰማያዊ አይመለስም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የፊታችን ሰኞ ይከፈታል። ይህን እሱም እኔም እናውቃለን።

«ጠፍቷል ጋሽ ይማም» አለ ስጦታው። «ገጥሟል። እጅዎን ይባርከው።»

ምነው በተሳደበ! ቢሳደብ አባቴ መልስ አያጣለትም ነበር።

አባቴ ፈገግ ሊል ጀመረና ትቶ ስጦታውን ትክ ብሎ አየው። «ስጦታው፣ አብረን ስንሠራ ስንት ዓመት ሆነን?»

«ሃያ ሳይሞላ አይቀርም።»

«በሃያ ዓመት አንድ ቀን በመጀመሪያው ገጠመ ብለህ ታውቃለህ? ትንሽ ይጥቆር፣ ትንሽ ይፍካ እያልህ ነፍሴን ስታወጣት አልነበር?»

ስጦታው አንገቱን ደፋ።

«ሀሲና፣ አንቺ ንገሪኝ።»

አባቴን ዋሽቼው አላውቅም ብል ደስ ባለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ከመዋሸት ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

«አረንጓዴ ነው አባዬ።»

«ምን ያህል?»

«ጎመን ነው።»

ክሩን አነሣ፤ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ደግሞ አስጠጋው። ሰው ይለያል፣ መንገድ ይለያል፤ ከዓይኑ የሸሸው ቀለም ብቻ ነው። «አንቺ እያለሽ እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

እሱ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ መስጊድ ሲሄድ እኔ የመንከሪያውን በርሜል ክዳን ከፍቼ አይ ነበር። የጎደለውን ቀለም በማንኪያ እጨምርና መልሼ እከድናለሁ። ሲመለስ ክሩን አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ያጋድማል፤ ይጠፋል፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እኔም አብሬው እላለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

«ከካቻምና ረመዳን።»

ስጦታው ሹራቡን ማጠፍ ጀመረ። አጥፎ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው፤ መሄድም መቆየትም ከበደው።

«የመድረሳው ልጆች ሹራብስ?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ።»

«የደብረ ወርቁ ነጋዴ መጥቶ የመረቀኝ ቀዩስ?»

«እሱም።»

እየቆጠረ ሄደ። ገበያ መሐል አስቁመው ያመሰገኑትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ። አፌን በያዘኝ እያልሁ መለስሁለት፤ አንዴ ጀምሬዋለሁና ማቆሚያው ጠፋኝ። በየመልሱ አባቴ «እህ» ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም።

መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዘይዳስ?» አለ።

ዘይዳ ታላቅ እኅቴ ናት። አምና ስትዳር አባቴ ነክሮ ያለበሳት የሮማን ፍሬ የመሰለ ሹራብ አለ፤ የሞጣ ሴት ሁሉ ያንን ቀለም አምጣ እያለ ደጃችንን ያጣበበበት። የእሱን ክር የነከረ ቀን ከበርሜሉ ሳይርቅ ዋለ። ሶላቱን እንኳ እዚያው አጠገቡ ሰገደ፣ እኔንም አላስጠጋኝም። በዚያ ዓይኑ ያን ቀለም እንዴት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እሱ ያንተ ነው» አልሁት። «ወላሂ አባዬ፣ እሱን እጄም አልነካው። ያንተ ነው።»

ቅድም ስጦታው «ገጥሟል» ሲለው ባየበት ዓይን አየኝና፣ «ይሁን ልጄ» አለ።