«አሪየት! ወደ ፊት ነይ! ግለ ሂስሽን እንሰማለን!»

የጠዋት ሰልፍ ላይ ነው...

የምክትል ርዕሰ መምህሩ የጓድ አያሌው ድምፅ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ያ ሰው ሲቆጣ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ 1976 ዓ.ም.፣ ወሎ ሰፈር አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት። ያኔ ያጠፋ ተማሪ ሰልፍ ፊት ቆሞ ራሱን መውቀስ ነበረበት። እምቢ ካለ... ይባረራል።

አሪየት ከጋምቤላ የመጣች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ እንደሷ የጠቆረ ልጅ የለም።

አባቷ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ጫኝ ነው። ጠዋት ትከሻዋን ይዞ ለምኗታል።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ በይና ተገላገይ። ከዚህ ካስወጡሽ የት አስገባሻለሁ?»

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ?

ትናንት በዕረፍት ሰዓት ውሃ ልትጠጣ ቧንቧው ጋ ስትጠጋ፣ ገንዘቤ የምትባል የክፍሏ ልጅ መንገድ ዘጋችባት።

«ባሪያ መጨረሻ ነው የሚጠጣው!»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ።

አሪየት ገፋቻት... ገንዘቤ ወደቀች፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

ጉዱ ምን መሰላችሁ... የገንዘቤ እናት፣ ጓድ ዘርፌ፣ የቀበሌው ሴቶች ማህበር ሊቀመንበር ናቸው! ዛሬም እጃቸውን አጣምረው ከመምህራኑ ጎን ቆመዋል።

አሪየት ወጥታ ሰልፉ ፊት ቆመች።

«መግፋቴ... ጥፋት ነው» አለች።

«ቀጥዪ!»

«ቧንቧው ጋ መጠጋቴ ግን ጥፋት አይደለም።»

ሰልፉ አጉረመረመ። የጓድ አያሌው የአንገት ሥር ተገታተረ።

«ይቺ ልጅ አትታረምም! ጓድ ዘርፌ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ትባረር?»

አለቀላት! አሪየት ዓይኗን ጨፈነች። አባቷን በምን ዓይኗ ልታየው ነው?

ጓድ ዘርፌ ግን ወደ ገዛ ልጃቸው ዞሩ።

«ለኔ ገፋችኝ ብቻ ነው ያልሽኝ። ቧንቧው ጋ ስትጠጋ ምን አልሻት?»

ገንዘቤ አቀረቀረች።

«ተናገሪ!»

«ባሪያ...»

«ይቺን ቃል ከማን ሰማሻት?»

«ካንቺ፣ እማዬ... ሁሌ ስትሳደቢ።»

የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። ሄደው አሪየት ጎን ቆሙ።

«እንግዲያው ግለ ሂሱ የኔ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ገንዘቤ... አያትሽ፣ የኔ እናት፣ በልጅነቷ ተሸጣ ነው ከከፋ ሸዋ የገባችው። ጎረቤት እንዳያውቅብኝ ስል ያንን ስድብ ከሁሉ ቀድሜ የምሳደበው እኔ ነበርኩ። እናቴን ነው ስሰድብ የኖርኩት!»

ገንዘቤ አፏን ይዛ አለቀሰች።

የጓድ አያሌው ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ! «ወደ ክፍላችሁ ግቡ» ብቻ አለ።

አሪየት አልተባረረችም።

ሁለቱ ልጆች በማግስቱ ጓደኛ ሆኑ ብዬ አልዋሻችሁም... ግን ከዚያ ቀን በኋላ አሪየትን በዚያ ቃል ለመጥራት የደፈረ አልነበረም።

ወገን... ልጅ ስድብ ይዞ አይወለድም። እኛው ቤት ለቅሞ ነው ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደው። አንዲት ልጅ ቆዳዋ ስለጠቆረ የትምህርት ቤት በር መርገጥ ከፈራች፣ ማፈር ያለብን እኛ ትልልቆቹ ነን።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... ጓድ ዘርፌን ብትሆኑ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ትናገሩት ነበር? ወይስ ምስጢራችሁን ይዛችሁ ልጅቷ ስትባረር ታዩ ነበር? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ 👇