መላጣው ይመስክር

ሽማግሌው መስታወት ገጣሚ አንድ የደንበኛ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና ቆቡን አወለቀ። የተሰነጠቀውን የጣሪያ መስታወት አንስቶ አዲሱን የገጠመው ትናንት ነው፤ ያውም ብቻውን። ውሃ ማስገባት አለማስገባቱን የሚፈትነው ሁልጊዜም በመላጣው ነበር። የጋራዡ ባለቤት፣ ታናሽ ወንድሙ፣ የውሃ ጎማ ይዞ ደጅ ቆሟል።

«ወንድም ጋሼ፣ እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አንዲት ጠብታ ከገባች መሣሪያህን አስረክበህ ቤትህ ትቀመጣለህ።»

«ወሬህን ተውና ውሃውን ልቀቅ! መላጣዬ ዋሽቶ አያውቅም» አለና በሩን ዘጋው።

ውሃው መስታወቱን ይደበድብ ጀመር። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ጠብታ ከአናቱ ተነስታ በግንባሩ ወረደችና አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች።

«ገባ! አላልኩህም?» ወንድሙ በመስኮቱ እያየ ጮኸ።

ሽማግሌው ጠብታዋን በጣቱ ጠረገና ምላሱ ላይ አደረጋት። ከዚያ በሩን በርግዶ ወጣ።

«የቧንቧህ ውሃ ጨው ጨው የሚል ከሆነ አሸንፈኸኛል! ላቤ ነው፣ አንተ! ና ግባና ዳብስ!»

ወንድሙ ገብቶ የመስታወቱን ዳር ዳር ዳበሰ። እጁ ደረቅ ነበር። ወጥቶ ውሃውን ዘጋና የሚቀጥለውን መኪና ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው።