ጆሮ ያለው ማሽን

ዩኒቨርሲቲ የሠራት፣ "ጆሮ" የምትባል ድምፅ ሰሚ መሣሪያ ያልተገጠመችለት የብየዳ ማሽን ኮምቦልቻ ውስጥ መብራት ከተከለከለ ቆየ። ጆሮዋ የእሳቱን ድምፅ እየሰማች ብየዳው መያዝ አለመያዙን ትፈርዳለች። ክፋቷ ቀናተኛ መሆኗ ነው፤ ሌላ ድምፅ ጣልቃ ከገባ ማሽኑን ቀጥ ታደርገዋለች፣ የሚበየደው በርም ብልሹ ተብሎ ይቀራል።

በር ሠሪው መኩሪያ ደግሞ የሚበይደው ቤቱ በረንዳ ላይ ነው። ወሬ የማትጠግበው ሚስቱ ዘውዴ እንኳ እሱ ሲበይድ መናገር ትታ፣ ሽሮ ስታማስል ማንኪያው ድስቱን እንዳይነካ መጠንቀቅ ለመደች። ጎረቤቱ "መነኮሳችሁ እንዴ?" እያለ ይቀልድባቸዋል።

ዘውዴን ያስጨነቃት ግን የልጇ የፍሬገነት ነገር ነው። ጡት ከጣለች ቆይታለች፣ አፍ ግን አልፈታችም። ሐኪሙም ምንም ሕመም አላገኘባትም።

እሑድ ዕለት መኩሪያ ማሽኑን ከመብራት ነቀለው።

"ዛሬ እንኳ አዋራት፤ ዝፈንላት" አለችው ዘውዴ።

"እኔ ከዘፈንኩማ ጭራሽ ትደነግጣለች። አንቺ ጀምሪ፤ የተጠራቀመብሽ ወሬ መች ጠፋ።"

ዘውዴ ከት ብላ ሳቀችና ልጇን አቀፈቻት። "በይ የኔ እናት፣ እማ በይኝ።"

ፍሬገነት የእናቷን አፍ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በፍርሃት ወደ በረንዳው ዞር አለችና፣ በትንሽ መዳፏ የእናቷን ከንፈር ቀስ አድርጋ ከደነችው።