የእታገኝ ድምጽ

በዚያ ዘመን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነግድ ሰው ሁሉ ድምጹን ለማስታወቂያ ማዋስ ግዴታው ነበር፤ ድምጹም በየሰዉ ጆሮ ማዳመጫ እየገባ ገዢውን በስሙ ይጠራል። የቦንጋዋ ማር ነጋዴ እታገኝ ድምጿን ካዋሰች ወዲህ፣ ድሮ ሳይሸጥ ከገበያ ይዛው የምትመለሰውን ማር እስከ ሞያሌ ድረስ ገዢዎች ይሻሙት ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ አቅርባ፣ ጓሮ እንጨት የሚልገውን አናጺ ባሏን ጠራችው።

"ሽፈራው! ምሳ ቀርቧል!"

ሦስቴ ጠርታው ዝም ሲላት ሄዳ ትከሻውን ነካችው። ደንግጦ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ።

"ውይ፣ ማስታወቂያሽን ዘግቼው ነው። ቀኑን ሙሉ 'ሽፈራው፣ ማር አለ' እያለ አሰለቸኛ! ማዳመጫውን እንዳላወልቀው የሥራ ትእዛዝ የሚመጣልኝ በእሱ ነው።"

"የተዘጋው ማስታወቂያው ነው ወይስ እኔ?"

"ማዳመጫው አይለያችሁም እኮ" አለ አፍሮ።

እታገኝ ሳቀች። ያኔውኑ ግን ድምጿን አስመልሳ ከማኅበራዊ ሚዲያው ንግድ ወጣች። በሳምንቱ ማር ፈላጊው ከግማሽ በታች ወረደ፤ እሷም ማሰሮዋን ተሸክማ ቅዳሜ ገበያ ወጣች። ስትመለስ ገና ከበር ላይ "ሽፈራው!" አለች።

"አቤት!"

"ሽፈራው!"

"አቤት አልኩ እኮ! ምን ፈለግሽ?"

"ምንም" አለችና፣ ጫማዋን እያወለቀች እንደገና ጠራችው።